ቆሞ ቀር ሜዳ

ከወለላ በር ከተማ በላይ፣ የደብሩን አጥር ታክኮ የተዘረጋው ሰፊ መስክ «ቆሞ ቀር» ይባላል። ስሙን ሲሰማ ፈገግ የማይል እንግዳ የለም፤ ሳያገባ ዕድሜው ያለፈበትን ሰው፣ ይልቁንም ሴቷን፣ በየአገሩ የሚያሸማቅቁበት ቃል ለመስክ መጠሪያ ይሆናል ብሎ ማን ይጠብቃል? የወለላ በር ሰው ግን ስሙን የሚጠራው ደረቱን ነፍቶ ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ወርኃ ጽጌ ሲገባ፣ የከተማው የአትክልተኞች ማኅበር የአበባ ውድድሩን የሚያካሂደው በዚሁ መስክ ላይ ሲሆን፣ የማይታለፍ አንድ ደንብ አለው፤ የተቀጠፈ አበባ አይገባም። መኪና ሙሉ ጽጌረዳ በፕላስቲክ ጠቅልሎ የመጣ ነጋዴ እንኳ ቢሆን ከበር ላይ በትሕትና ይመለሳል። አበባው ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፣ ቆሞ መምጣት አለበት። ለምን ብሎ የጠየቀውን ሰው በቅርብ ያለ ሽማግሌ አረፍ በል ይለውና ከማንጠግቦሽ ይጀምርለታል።

እንደሚነገረው፣ መስኩ በዚያ ዘመን የባላምባራስ ወንድይራድ የጉግስ ሜዳ ነበር። ባላምባራስ አገሩን የሚገዙ፣ ቁጣቸው የሚያርበደብድ፣ አበባ ሲያዩ ግን ልባቸው ቅቤ የሚጠጣ ሰው ነበሩ ይባላል። በጽጌ ወር በአንዱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሕዝቡ ከየጓሮው የቀጠፈውን አበባ አምጥቶ በሜዳው ላይ በተጎዘጎዘው ሣር ላይ ያጋድማል፤ እሳቸውም ከምሳ በኋላ ብቅ ብለው አንድ በአንድ እያዩ ያልፉና፣ ከሁሉ የወደዱትን አበባ ያመጣውን ሰው «የምትሻውን ለምነኝ» ይሉታል። አንዱ በቅሎ ይለምናል፣ ሌላው የታሰረ ዘመዱን ያስፈታል። ጎረቤቴን ከጭቅጭቋ ያስታግሡልኝ ብሎ የለመነም ነበር፤ እሷን ብቻ ባላምባራስም አልቻሏትም ይባላል።

ማንጠግቦሽ በዚያ ዓመት የምትለምነውን በልቧ ይዛ ነበር። አባቷ ሲሞቱ ከምንጩ ሥር ያለውን የጓሮ መሬት ለእሷ ተናዝዘውላት ነበር። ታናሽ ወንድሟ ደርበው ግን መሬቱን ከጀለ።

«እትዬ፣» አላት አንድ ቀን፣ ከአጥሯ ዘው ብሎ ገብቶ ምንጩን በዓይኑ እየለካ፣ «ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ በሬ የለሽ። አንቺ እንደሆንሽ እኔ ቤት ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ። ይህን የመሰለ መሬት የአበባ መጫወቻ ማድረግ ግን ነውር አይደለም?»

ነገሩ ለሽማግሌ ተነገረ። ሽማግሌዎቹም ከወዲያ ከወዲህ አይተው፣ ጽጌው ይለፍና እንበይናለን አሉ፤ አነጋገራቸው ግን ወደ ደርበው እንዳዘነበለ ማንጠግቦሽ ገብቷታል። ተናደደች፣ ፈራችም። በወንድሟ ቤት፣ በወንድሟ ሚስት ፊት፣ ቁራሽ ሲሰጧት እያመሰገነች ማርጀት እየታያት እንቅልፍ ይነሳት ነበር።

ያላት ነገር አበባዋ ነበር። ከገደሉ ሥር ራሷ ፈልጋ ያመጣችው፣ ሥሩ እንደ ቀይ ሽንኩርት የተጠቀለለ፣ አገዳው እስከ ሰው ወገብ የሚመዘዝ፣ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ደም የመሰለ አበባ ነው፤ በአገሩ እንዲህ ያለ ታይቶ አያውቅም። አንድ ክፋት ግን አለበት። የተቀጠፈ እንደሆነ ከጓሮ ደጅ እስኪደረስ እንኳ አይታገሥም፤ ጥውልግ ብሎ በእጅ ላይ ይቀራል። አምና ቀጥፋ ይዛው ሄዳ ሣሩ ላይ ስታጋድመው፣ ሴቶቹ «ደግሞ ይኼ የምን ቅራሪ ነው?» ብለው ተሣሥቀውባታል። ዘንድሮ ይህ እንዲደገም ልቧ አልፈቀደም።

እሑድ ማለዳ አንገቱ የተሰበረ እንስራ ፈልጋ፣ አበባውን ዙሪያውን ቆፍራ ከነአፈሩ አነሣችና ከተተችው፤ ውኃ እንደምትቀዳ ሴት በገመድ አዝላ ዳገቱን ተያያዘችው። ጭቃ ከውኃ ይከብዳል። ገመዱ ደረቷን እየቆረጣት፣ ደግሞ አገዳው እንዳይሰበር እየሰጋች፣ ቀስ እያለች ወጣች። ከኋላዋ የሚመጣው ሰው እሷን አያያትም፤ የሚያየው አበባ ብቻውን ዳገት ሲወጣ ነውና፣ ያማተበ ሁሉ አልጠፋም ይባላል።

የሜዳው በር ላይ አጋፋሪው አስቆማት።

«ሴትዮ፣ ዛሬ የአበባ ቀን ነው። ጭቃ ይዘሽ ወዴት ነው?»

«አበባ ነው፣ ጌታው። ጭቃው ጫማው ነው።»

«አበባ ተቀጥፎ ነው የሚገባ።»

«ይኼኛው ሲቀጥፉት ይሞታል። ሬሳ ይዤ ልምጣ?»

ይኼኔ ከሕዝቡ መሀል ደርበው ድምፁን ከፍ አደረገ። «ተዋት እባክህ! ቆሞ ቀር ምን ታምጣ? ቆሞ ቀር አበባ አመጣች!»

ሜዳው በሣቅ አውካካ። የማንጠግቦሽ ፊት ደም ለበሰ፣ እንባዋም መጣ፤ የገዛ ወንድሟ በአደባባይ መስደቡ አንጀቷን አቃጠለው። እንስራውን ግን አላወረደችም። ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

«እውነትህን ነው፣ ወንድሜ፤ እኔ ቆሜ ቀርቻለሁ» አለችው። «አበባዬ ግን ቆሞ ቀርቧል።»

በአንዲት ፊደል ነገሩን ገለበጠችው። አሁን የሚሣቀው በደርበው ሆነ፤ አጋፋሪውም አፉን በነጠላው ሸፍኖ መንገድ ለቀቀላት።

የዚያን ቀን የባላምባራስ ምሳ ረዘመ፤ ፀሐይዋም በረታች። በሣሩ ላይ የተጋደመው አበባ ሁሉ፣ ጠዋት ዓይን ይስብ የነበረው፣ ለከብት የተጣለ ድርቆሽ መሰለ። ባላምባራስ ወጥተው ፊታቸውን ቅጭም እንዳደረጉ በመካከሉ አለፉና፣ ከዳር ከቆመው እንስራ ፊት ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ነጩ አበባ ጠዋት እንደነበረ ነው። ጎንበስ ብለው ካዩት በኋላ፣ «ለምኚ፣ የኔ እመቤት» አሏት።

«ጌታዬ፣ አባቴ የተናዘዙልኝን ጓሮ ያጽኑልኝ።»

ያን ጊዜ ደርበው ነጠላውን አደግድጎ ብድግ አለ። መቼም ለነገር የሚያክለው አልነበረም።

«ጌታዬ ይስሙኝ! መሬት የሚገባው ሥር ለተከለ ነው። ይህቺ እህቴ ግን፣ እነሆ በዓይንዎ እንዳዩት፣ ሥሯን ነቅላ፣ አፈሯን አዝላ መጥታለች። ነቅሎ የወጣ ሰው ምን መሬት አለው? በገዛ እጇ ለቃዋለች!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ነገሩ ሚዛን የሚደፋ ነበር፤ ባላምባራስም ጺማቸውን ማሻሸት ጀመሩ። ማንጠግቦሽ አበባውን ላድን ብላ ስትቆፍር መሬቷን ቆፍራ ያወጣች መሰላት። ወዲያው ግን ጎንበስ ብላ እንስራዋን አቀፈችና፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ፈረሶች ወደሚሽቀዳደሙበት ወደ ሜዳው መሀል ሄደች፤ እንስራውን በድንጋይ መትታ ሰበረችው፣ በገሉ ጉድጓድ ቆፍራ አበባውን ተከለች፣ አፈሩንም በእግሯ ጠቅጠቅ አደረገችው።

«ወንድሜ ልክ ነው» አለች እጇን እያራገፈች። «መሬት የሚገባው ሥር ለተከለ ነው። እንግዲህ፣ ጌታዬ፣ ይኸው ተከልኩ።»

በጉግሱ ሜዳ ላይ ነው የተከለችው! ከመኳንንቱ መሀል ጅራፍ ይወርድባታል ብለው ዓይናቸውን የጨፈኑም ነበሩ ይባላል። ባላምባራስ አበባውን አዩት፤ ከዚያ ደርበውን አዩት።

«ደርበው፣ የተናገርከው ልክ ከሆነ ሜዳዬን ተነጥቄያለሁ። ልክ ካልሆነ ጓሮው የእሷ ነው። የትኛው ይሁን?»

ደርበው የባላምባራስን ሜዳ ለእህቱ ከሚፈርድ ጓሮውን ቢተው ይሻለዋል።

«ልክ... ልክ አይደለም፣ ጌታዬ።»

«በል እንግዲያው፣ የአባቷ ጓሮ የእሷ ነው። ሰምታችኋል!» አሉና ሣቃቸውን ለቀቁት። ፈረስ ጠባቂዎቹ ሜዳውን ሊያጸዱ ሮጠው አገዳውን ሲይዙ ግን ባላምባራስ ተቆጡ። «ማን ንቀሉ አላችሁ? ቆሞ ይቅር!»

መስኩ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው ይባላል። የባላምባራስ ፈረሶች ነጩን አበባ እየዞሩ ይጋልቡ ጀመር፤ ሥሩ በየክረምቱ ሲራባ ክቡ እየሰፋ፣ ጉግሱም እየጠበበ ሄደና፣ ከጊዜ በኋላ ሜዳው የአበባ ብቻ ሆነ። ማንጠግቦሽም ባል ሳታገባ፣ የማንንም ፊት ሳታይ፣ በምንጯ ዳር አረጀች። ደርበው በበጋ ውኃ ሲያጥረው ከብቶቹን ነድቶ ወደ እሷ መምጣቱ አልቀረም፤ እሷም አልከለከለችውም። ዘው ብሎ መግባቱ ግን ቀረ።

ዛሬም በወለላ በር ወንድ ልጅ፣ ባለሥልጣንም ይሁን ባለሀብት፣ የእህቱን ግቢ እንደ ራሱ ቤት ረግጦ አይገባም። ታላቋ ቢሆንም እንኳ ከአጥሩ ውጪ ሆኖ «እትዬ፣ ልግባ?» ይላል፤ «ግባ» እስክትለውም ቆሞ ይጠብቃል።