የአቶ ልዑልሰገድ መሮጫ

አንድ ቀን፣ እሑድ ጠዋት ነው፣ የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ልዑልሰገድ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ የመጣም ነበር። አጀንዳው ግን አንድ ብቻ ሆነ፤ ጓንጉል ጣሳዎቹን ሰብስቦ ከእድሩ ግቢ ይውጣ።

ጓንጉል ግንበኛ ነው። ምን አጠፋ ካላችሁኝ፣ ሰው ስፖርት ይሥራ አለ፣ ይኸው ነው ጥፋቱ። ነገሩን ያመጡት ጎረቤቱ መምህር ሐዲስ ናቸው። ስኳር ይዟቸው ሐኪሙ «ካልተንቀሳቀሱ እግርዎን ያጣሉ» ብሎ አስፈራርቷቸዋል። ጂም ቤት እንዳይገቡ በጡረታቸው የሚታሰብ አይደለም፣ መንገድ ላይ እንዳይሮጡ የሰፈሩ ውሻ አያስኬድም። ጓንጉል ጭንቀታቸውን ሰማና «ኧረ ይሄማ ቀላል ነው!» አለ።

ከሥራ የተረፈ ሲሚንቶ ከአሸዋ ጋር አቦካ፣ በሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ ሞላው፣ መሀላቸው የቧንቧ ብረት ሰክቶ እስኪደርቅ ጠበቀ። አለቀ፣ ክብደት ማንሻ! ለጀማሪ የሚሆነውን ደግሞ በትናንሽ የቲማቲም ጣሳ ሠራ። ያረጀ የጭነት መኪና ካላማዳሪያ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ በቁመቱ ቀዶ የእድሩ መጋዘን ምሰሶ ላይ አሰረ፤ እሱን መሳብ ነው። ለመዝለል ገመድ አለ። ለመውጣትና ለመውረድ ደግሞ የእድሩን አግዳሚ ወንበር አወጣ።

ሕጉ ጥብቅ ነበር። ጀማሪ የመጀመሪያውን ሳምንት ብረት አይነካም፤ አግዳሚው ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እጁን ያፍታታል፣ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ ትንሿ ጣሳ። አንዱ ጎረምሳ ነኝ ባይ በገባ በማግስቱ ትልቁን ሊያነሣ ሲንጠራራ ጓንጉል እጁን ይዞ «ወንድሜ፣ እኔ ሲሚንቶ እንጂ ወገብ አልጠግንም» ብሎ መለሰው። በአራተኛው ወር የመምህር ሐዲስ ስኳር ወረደ፤ ሐኪሙ ራሱ ወረቀቱን ሁለቴ አየው። ጧት ጧት ግቢው ውስጥ አሥር፣ አሥራ አንድ ሰው ማላብ ጀመረ።

ይሄ ነው እንግዲህ አቶ ልዑልሰገድን እንቅልፍ የነሣቸው። ምክንያቱም እሳቸው ማሽን አላቸዋ! ዱባይ ያለው የሚስታቸው ወንድም የላከው የኤሌክትሪክ መሮጫ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ስለዚያ ማሽን ሲሰማ ኖረ። ሰርግ ላይ ያወራሉ፣ ለቅሶ ቤት ያወራሉ። የሰው እናት ሞታ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለው «የልብ ምት ይቆጥራል እኮ» ይላሉ። አሁን ግን ስለ ማሽኑ የሚጠይቃቸው ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ወሬው የወተት ጣሳ ሆነ።

«ለለቅሶ የተገዛ አግዳሚ ነው!» ብለው ጀመሩ አቶ ልዑልሰገድ ቆመው። «ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት! እሱ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ይዘለላል? ነውር አይደለም?»

«የተሰበረችውን የአግዳሚውን እግር የጠገናት እኮ ጓንጉል ነው» አሉ መምህር ሐዲስ፣ ቀስ ብለው።

«ይጠግናታ! ይሰብራት አልን እንዴ? ደግሞስ ስፖርት እኮ ሳይንስ ነው። ይሄ ጣሳ፣ ይሄ የጎማ ቁራጭ፣ ይሄ ስፖርት ነው? ቆሻሻ ነው! እኔ አፍሬያለሁ። እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል?»

ጓንጉልን ከፋው። ለራሱ አልነበረም የከፋው፤ እሱማ ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ሲያነሣ የሚውል ሰው ነው። መምህር ሐዲስን አያቸው። አጎንብሰው እግራቸውን ያያሉ። ግቢው ከተዘጋ ሽማግሌው የት ሊሄዱ ነው? እሱ ቤት እንዳይመጡ፣ እሱ ያለው አንድ ክፍል ነው፤ ክንድ መዘርጋት ቀርቶ አልጋውን ዞሮ ማለፍም ጭንቅ ነው። አናደደው።

«ጋሼ» አለ፣ «እርስዎ ታዲያ የትኛውን ነው ስፖርት የሚሉት?»

አቶ ልዑልሰገድ ይህን ጥያቄ ሁለት ዓመት የጠበቁት ነው የሚመስለው። «ተነሡ!» አሉ። «ሁላችሁም ተነሡ፣ ቤቴ እንሂድና ዓይናችሁ ይይ!»

እድርተኛው ግር ብሎ ተከተላቸው። ጓንጉል በሩ ላይ ሲደርስ መቃኑ ላይ ያለችውን ረጅም ጭረት አያት። ያውቃታል። ትከሻውን አሸት አሸት አደረገና ገባ።

ማሽኑ ሳሎን መሀል፣ ከቡፌው ጎን ቆሟል። ያምራል፣ አይካድም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልታዬ በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ከላይ ተነጥፎበታል። ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የልጃቸው የምርቃት ፎቶ። መሮጫው ላይ የመጣበት ላስቲክ እንዳለ ነው፤ እጀታው ላይም ላስቲክ፣ ሰሌዳው ላይም ላስቲክ። አንዲት እናት ጠጋ ብለው ሊነኩት ሲሉ አቶ ልዑልሰገድ «እንዳይቧጨር! እንዳይቧጨር!» ብለው ጮኹ። ሴትዮዋ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይኸውላችሁ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው፤ ደረት ከተባለ፣ ሆዳቸው ቀድሞ ነው የተነፋው። «ይሄ ሽቅብ ያስሮጣል፣ ቁልቁል ያስሮጣል፣ ላብ ያስወጣል፣ ስብ ያቀልጣል። ስፖርት ማለት ይሄ ነው!»

«እርስዎ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚሮጡበት?» አሉ መምህር ሐዲስ፣ ከልባቸው ሊያውቁ ፈልገው።

«እኔ?» አቶ ልዑልሰገድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መብራቱ እኮ... ይቆራረጣል። እንዲህ ያለ ዕቃ ደግሞ በመብራት መቆራረጥ ይቃጠላል። ጥንቃቄ ይፈልጋል።»

ከኋላ የሆነ ሰው አሳለ። ሳል አልነበረም። አቶ ልዑልሰገድ ፊታቸው ተለዋወጠና ወደ ጓንጉል ዞሩ።

«አንተ! እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተናገር። ይሄን ማሽን አይተሃል፤ ያንተንም ጣሳ ታውቀዋለህ። እስቲ በሕይወትህ እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ስፖርት ሠርተህ ታውቃለህ? ላብህ ጠብ ብሎ ያውቃል? አውቃለሁ ካልክ ግቢውን ያዘው፣ እኔ አልናገርህም። አላውቅም ካልክ ደግሞ አፍህን ዝጋና ጣሳህን ዛሬውኑ አንሣ!»

መምህር ሐዲስ በቃ አለቀ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግንበኛ የዱባይ ማሽን ከየት አግኝቶ ያውቃል!

ጓንጉል ግን ወደ ማሽኑ ጠጋ አለና የዳንቴሉን ጫፍ አስተካከለ፣ እንዳይወድቅ።

«እንዲህ ያለ ላይ አይደለም ጋሼ፣ በዚሁ በራሱ ነው የሠራሁት» አለ። «የዛሬ ሁለት ዓመት ‹ኑ እርዱኝ› ብለው ሲጠሩን፣ ከአስፋልቱ ጀምሮ እዚህ ድረስ ተሸክመን ስናስገባው አንድ ሊትር ላብ አፍስሻለሁ። ያችን ጭረት መቃኑ ላይ ያወጣነው ያን ለት ነው። ውሃ እንኳ አላሉንም። እና እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ በዚህ ማሽን እስከ ዛሬ ስፖርት የሠራነው እኛ ተሸካሚዎቹ ብቻ ነን፤ ያውም ከታች ሆነን!»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ አልታዬ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሳቃቸው ግን ከጓዳ ተሰማ።

ሰኞ ማለዳ የእድሩ ግቢ ሲከፈት በሩ ላይ ቀድመው የተገኙት ወይዘሮ አልታዬ ነበሩ፣ ሸራ ጫማ አድርገው፤ «ጓንጉልዬ፣ ትንሿ ጣሳ የቷ ናት?» አሉ።