የረዘመው አንቴና

እጁ የተባረከ፣ ዓይኑ ግን ከጎረቤቱ ደጅ የማይነቀል አንድ ሰው ነበረ። አበጋዝ፣ «ከእኔ በኋላ የጀመረው ጓደኛዬ ማረጋገጫ ሲያገኝ የእኔ የሬዲዮ መሣሪያ ምርመራውን ሁለት ጊዜ ለምን ወደቀ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ኮሌጅ ሳስተምርህም እንዲሁ ነበርክ፤ ፈተና ሲመለስ ከራስህ ነጥብ በፊት የጎረቤትህን ታይ ነበር። እንግዲያው ስማኝ፤ እስክጨርስም አታቋርጠኝ።

ይህ ሰው ለመስኖ ገበሬዎች መሣሪያ ይሠራ ነበር። መሣሪያው ማሳ ውስጥ ይተከላል፤ መሬቱ ውሃ ሲጠግብ በሬዲዮ ለፓምፑ ይነግረዋል፣ ፓምፑም ይቆማል። ከእሱ ሱቅ ግድግዳ ለግድግዳ ሌላ ሠሪ ነበረ፤ እሱም ያንኑ ይሠራል። ሁለቱም ሬዲዮውን ራሳቸው አልሠሩትም፤ ከአንድ ነጋዴ አንድ ዓይነት ሞጁል ገዙ። ሞጁል ያልኩህ ያለቀላት፣ ቆርቆሮ ክዳን ያላት፣ አውራ ጣት የምታህል ሬዲዮ ናት፤ ለአንተ አይነገርም ግን ነገሩን ከሥሩ ልያዘው ብዬ ነው። ይህቺ ሞጁል ቀድማ ተመርምራ ማረጋገጫ አግኝታለች። እንዳለች የተጠቀመባት ሠሪ ብዙ አይንገላታም፤ መርማሪዎቹ የቀረውን ዕቃ አይተው ይለቁታል።

ጎረቤትየው እንዳለች ተጠቀመባት። በሦስት ሳምንት ማረጋገጫውን ይዞ መጣ፤ መስታወት አስገብቶም በሩ ላይ ሰቀለው።

ያን ቀን የእኛ ሰው ማረጋገጫውን ቆሞ አየው። ቀና፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። ጎረቤቱ ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለው ነበር፣ የሚጠላበት ምክንያት ያገኝ ነበርና። ሰውየው ግን ጠዋት ጠዋት ሰላም ይለዋል፣ መበየጃው ሲበላሽበት የራሱን ያውሰዋል። ያገራችን ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል፤ ለዚያ ጎረቤት ሳይጸልይ ተሰማለት።

በዚህ መሀል የመስኖ ማኅበር ሊቀ መንበር ወደ እኛ ሰው መጡ። ለሰማንያ ማሳ የሚሆን መሣሪያ ፈልገው ነበር። ቦዩ የሚከፈተው በጥቅምት መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት ማረጋገጫው በእጃቸው እንዲገባ ነገሩት። ክረምቱን ሙሉ ሥራ አልነበረም፤ አራት ሠራተኞቹ የሚበሉት ከዚያ ሱቅ ነው። ይህ ትእዛዝ ከተሳካ ሱቁ ይቆያል፣ ካልተሳካ ይዘጋል። ሊቀ መንበሩን የላካቸው ማን መሰለህ? ጎረቤቱ ነው፤ እጁ ሙሉ ስለነበረ። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ማመስገን ሲገባው፣ ትራፊውን ነው የላከልኝ ብሎ ተቆጣ።

ከዚያም የጎረቤቱ መሣሪያ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሰማ አጠያየቀ። አራት መቶ አሉት። እንግዲህ አራት መቶ የሚባል ቁጥር ጠላቱ ሆነ። የሞጁሏን ክዳን ከፈተ፣ አንቴናዋን ነቅሎ ረዘም ያለ ተከለላት፣ ጉልበት የሚጨምር ሌላ ዕቃም ጎን ለጎን በየደላት። ሜዳ ወጥቶ ሲሞክረው ስድስት መቶ ሜትር ላይ ተሰማ። ያን ዕለት እያፏጨ ቤቱ ገባ ይባላል።

ጎረቤቱ መሣሪያውን መስኮት ላይ አየው። ወደ ሱቁ ገብቶም አንድ ነገር አለው።

«ወንድሜ፣ ሞጁሏ ማረጋገጫ ያገኘችው ከነአንቴናዋና ከነክዳኗ ነው። ስትነካት ማረጋገጫው አብሮህ አይሄድም። እባክህ እንደነበረች መልሳት።»

የእኛ ሰው አመስግኖ ሸኘው። ማታ እራት ሲበሉ ለሚስቱ ሰውየው እንደፈራ፣ እንዳይበለጥ ሊያታልለው እንደሞከረ አጫወታት። እሷም እውነቱን ነግሮህ ቢሆንስ አለችው። እሱ ግን ሳቀባት። ቀናተኛ እንዲህ ነው፤ የሰውን ሆድ በራሱ ሆድ ይለካል። እሱ በጎረቤቱ ቦታ ቢሆን ኖሮ ያታልል ነበራ!

በጥቅምት መጀመሪያ መሣሪያውን ወደ መመርመሪያ ቤቱ ወሰደ። መርማሪው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ሰው ነበሩ። ዕቃውን ዝግ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው አበሩትና ስክሪኑን አዞሩለት። ስክሪኑ ላይ የማይታለፈውን ወሰን የሚያሳይ አንድ አግድም ቀይ መስመር ተሰምሯል። ሬዲዮው በተፈቀደለት የሞገድ ቦታ ላይ ጥሩ ይናገራል፤ በስተግራና በስተቀኝ ግን አምስት ቦታ ላይ ከቀዩ መስመር በላይ ወጥቷል። መርማሪው በእርሳስ እየነኩ አሳዩት፦ ይህ የአምቡላንሶች ነው፣ ይህ የአውሮፕላኖች፣ ይህ ደግሞ የሌሎች ገበሬዎች። አየሩ እንደ መሬት ለየሰው ተሸንሽኗል፤ የእሱ መሣሪያ በሁሉም ማሳ ገብቶ ይጮኻል።

እሱ ግን አሁንም አልገባውም። «ስድስት መቶ ሜትር እኮ ነው የሚደርሰው» አላቸው።

«ለመሆኑ ገበሬዎቹ ስንት ሜትር ፈለጉ?»

«ከማሳ እስከ ፓምፕ... ሁለት መቶ ቢሆን ነው።»

«ታዲያ ስድስት መቶ ማን ጠየቀህ?»

አፉን ከፈተ። ምላሱ ጫፍ ላይ የመጣው ስም የጎረቤቱ ስም ነበር። እንዴት ይበለው? መልሶ ዋጠው፣ መሣሪያውን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ።

ሞጁሏን እንደገና ገዝቶ፣ እንደገና ሠርቶ እስኪመለስ ጥቅምት አለቀ። ቦዩ ተከፈተ። ማኅበሩ ከሌላ ከተማ ሠሪ አስመጣ። ከአራቱ ሠራተኞች ሁለቱ ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ሁለቱ ግድግዳውን ዞረው ጎረቤቱ ዘንድ ተቀጠሩ። ሱቁ ዛሬ ጫማ ይሸጥበታል።

አበጋዝ፣ ያ ሰው አንተን ይመስላል። መርማሪ ሁለት ሠሪዎችን ጎን ለጎን አቁሞ አያወዳድርም። ጓደኛህን አያውቀውም፣ ሊያውቀውም አይፈልግም። አንድ ዕቃ ያስቀምጣል፣ አንድ መስመር ያሰምራል፤ ድምፅህ በማሳህ ውስጥ ቀርቷል ወይስ ድንበር ገፍቷል፣ እሱን ብቻ ያያል። በራሱ ልክ የሠራ ያልፋል። በሰው ልክ የሠራ ግን ሳያስበው የሰው ማሳ ውስጥ ይገኛል። ቅናት ማለት ይኸው ነው ልጄ፤ የሚበቃህን ድምፅ ያስንቅሃል፣ ከዚያ ወዲያ የምትጮኸው ማንም ባልጠራህ ቦታ ነው።

ከተቀመጥክ ጀምሮ የጓደኛህ መሣሪያ ምን እንደሚችል አራት ጊዜ ነገርከኝ። ያንተ ምን ያህል እንደሚበልጠው ደግሞ ቁጥሩን አልረሳኸውም። አሁን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደንበኛህ ስንት ሜትር ነው የፈለገው?

አታውቀውም?

እንግዲያው ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሠራ የኖርከው ለጓደኛህ ነው። እሱ ደግሞ ምንም አላዘዘህም።