ሦስት ትንፋሽና አንድ ዝምታ

ሁለት ትንንሽ በቀቀኖች የነበሩት አንድ ሰው ነበረ።

ጥያቄህን አልዘነጋሁትም። እናትህ ከገጠር መጥታ አንተ ጋ መኖር ከጀመረች ወዲህ ተለውጣለች። ማንጎራጎር ትታለች፤ ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለች፤ ስትጠይቃት «ደህና ነኝ» ትልሃለች። ከሥራ ስትገባ ቤቱ ተጠርጎ፣ በርሜሉ ሞልቶ፣ እራቱ ደርሶ ታገኛለህ። «ካልነገረችኝ እንዴት ላውቅ እችላለሁ? ጥፋቱስ የእኔ ነው ወይ?» ብለኸኛል። መልሴ ይህ ሰው ነው፤ ስማ።

ሰውየው ከሚስቱ ጋር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖር ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። በቀቀኖቹን የገዛቸው ቀን ቀን ብቻዋን ለምትውለው ሚስቱ ነው፤ ፍቅር የያዘው ግን እሱን ነው። አንደኛው አረንጓዴ ነበር፣ ሌላዋ ሰማያዊ። ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ሽቦ ቤታቸው ይሄዳል። አረንጓዴውን ስሙን ሊያስተምረው ስድስት ወር ደከመ። የራሱን ስም ነው፤ የወፉን አይደለም። ወፉ አልተማረም። «ይሄ ምንም አይገባውም» ብሎ ተወው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አረንጓዴው ድምፁን ለወጠ።

ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል፤ አጭርና እርጥብ ትንፋሽ፣ የሰው የሚመስል። ከዚያ ዝም ይላል። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ሲጎተት የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል። ከዚያ እንደገና ሦስት ትንፋሽ።

ድምፁ ብቻ ቢሆን ሰውየው ይለምደው ነበር። ወፉ ያን ጊዜ ላባውን ከሰውነቱ ጋር አጣብቆ ወደ ቤቱ በር ዞሮ ይቆማል። ሰማያዊዋም መብላቷን አቋርጣ በሩን ታያለች። ሰውየውም ያያል። በሩ ላይ ማንም የለም።

ወፎቹን ወደ ሸጠለት ሰው ወሰዳቸው። ሻጩ አረንጓዴውን በመዳፉ ይዞ ወደ ጆሮው አስጠጋው። የታመመ ወፍ ላባውን እንደሚነፋ፣ ጅራቱ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ እንደሚል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕመሙን እስከ መጨረሻው ቀን እንደሚደብቅ ነገረው። የዚህ ግን ደረቱ ንጹሕ ነው አለ። የሚበላውም ደህና ነው።

«የሰማውን ነው የሚያሰማህ» አለው ሻጩ። «ቀን ማን ነው እቤት የሚውለው?»

«ሚስቴ።»

«እንግዲያው እሷን ጠይቃት።»

ጠየቃት። አዎ፣ እንዳንተ ጠየቃት፤ ማታ፣ እራት እየበላ፣ ዓይኑ ወፉ ላይ ሆኖ። እሷም ሳቀች።

«የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሆናላ» አለችው። «ስምህን ስድስት ወር አስተምረኸው እምቢ ያለህን ወፍ፣ ዛሬ በምን አመንኸው?»

እሱም ሳቀ። ወፉ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ።

የፎቁ ጎረቤቶች ወሬውን ሰምተው ነበር። አንዲት ሴትዮ መጥታ አዳመጠችና ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሣች። ወፍ ቤት ውስጥ ሆኖ ካቃሰተ ከዚያ ቤት የሚወጣ ሬሳ አለ ብላ ሄደች። ሰውየው የተማረ ነው፤ አላምንም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዝምታውን መቁጠር ያዘ።

በመጀመሪያ አምስት ይደርስ ነበር። ሐምሌ ሲጋመስ አሥራ ሁለት። በነሐሴ ሃያ። በሦስቱ ትንፋሽና በሚጎተተው ነገር መካከል ያለው ጊዜ በየሳምንቱ ረዘመ። አንድ ቀን ዝምታው ላያበቃ ነው፣ ያን ቀን ይወስደኛል ብሎ ፈራ።

ልብ በል፤ «ይወስደኛል» ነው ያለው። በዚያ ቤት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሟርቱ ለማን እንደሆነ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም።

ሐኪም ቤት ሄደ። ደረቱን ራጅ ተነሣ፣ ልቡን ታየ፤ ምንም የለም ተባለ። ሰባት ቀን ጸበል ጠጣ፤ ሚስቱን ቅመሺ አላላትም። የሽቦውን ቤት በወፍራም ጨርቅ ሸፈነው። ድምፁ ከጨርቁ ሥር መጣ፤ ሦስት ትንፋሽ፣ ዝምታ፣ ጉተታ። ሲገልጠው ሁለቱም በጨለማው ውስጥ ወደ በሩ ዞረው ቆመው ነበር።

በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ጠዋት በቀቀኖቹን ይዞ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ለሚኖር የሥራ ባልደረባው ሰጣቸው። ሚስቱ አልተከራከረችውም።

«ሁለቱንም?» ብቻ አለች።

ሐሙስ ዕለት መታወቂያውን ረስቶ ቀትር ላይ ተመለሰ። በዚያ ሰዓት እቤቱ ሄዶ አያውቅም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ከላይ ሰማው።

ሦስት ትንፋሽ። ዝምታ። ጉተታ።

ወፉን በገዛ እጁ ከከተማው ማዶ አድርሶታል፤ ቤቱ ውስጥ ወፍ የለም። እኔን ሊወስድ ተመልሶ መጣ አለ በልቡ። ቁልቁል ሁለት ደረጃ ወረደ። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝም ዓይኔን አላየም።

እንደገና ሦስት ትንፋሽ መጣ። ከልማዱ የተነሣ መቁጠር ጀመረ። አሥር። ሃያ። ሃያ አምስት። ወፉ ከሃያ አልፎ አያውቅም ነበር። ሠላሳ። ጉተታው አልመጣም። አርባ ሲደርስ ምን እንዳዞረው አያውቅም፤ ወደ ላይ ሮጠ።

ሚስቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ነክሳለች፤ ጎረቤት ትንፋሿን እንዳይሰማ። ከንፈሯ ጠቁሯል። ቢጫ ጀሪካን ከጉልበቷ አጠገብ ቆሟል፤ ሌላው ከበታቿ። የዚያ ሕንፃ ውኃ ወደ ላይ አይወጣም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ግቢ ካለው ቧንቧ ይቀዳል። ሰውየው አራት ዓመት ከሞላ በርሜል ሲታጠብ ኖሯል።

ስታየው ነጠላውን ከአፏ አወጣች።

«ደህና ነኝ» አለችው።

ሐኪሙ ልቧ ከቆየ ሕመም የተነሣ መድከሙን ነገረው፤ አንድ ሳምንት ቢቆይ ኖሮ የሚለውን አልጨረሰውም። ከመቼ ጀምሮ ነው ሲላት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው አለች። ሚስቱ ተርፋለች፤ መድኃኒቷን እየዋጠች አለች። ውኃውን አሁን እሱ ያወጣል። በቀቀኖቹንም ባልደረባውን ለምኖ መልሷቸዋል፤ ይመለሱ ያለችው እሷ ናት።

አረንጓዴው ድምፁን አልረሳም። እስከ ዛሬ ሳይታሰብ ሦስት ጊዜ ይተነፍስና ዝም ይላል። ሰውየው ያን ጊዜ የያዘውን ነገር አስቀምጦ ይቆጥራል፤ እየቆጠረም የሚያየው ወፉን አይደለም፤ ሚስቱ የተኛችበትን አልጋ ነው።

እንግዲህ አንተም ያ ሰው ነህ። ጠይቄያታለሁ ትላለህ፤ እሱም ጠይቋል። አልነገረችኝም ትላለህ። ማንጎራጎር መተዋን ያወራኸኝ አንተ ነህ፤ ግድግዳ ይዛ እንደምትነሣ ያወራኸኝም አንተ ነህ። እናትህ ከነገረችህ ቆየች። አንተ ግን የእሷን ሕመም ይዘህ የራስህን ጥፋት ጠየቅኸኝ።

ጥፋቱ የአንተ ነው ወይ ላልከው፣ ማታ እነግርሃለሁ። በርሜሉን ሞልቶ አገኘዋለሁ አልከኝ እንጂ ማን እንደሚሞላው አልነገርከኝም፤ ያላችሁትም አምስተኛ ፎቅ ነው። አሁን ወደዚህ ስመጣ በግቢያችሁ በኩል ነው ያለፍኩት፤ ጀሪካኖች ቧንቧው ሥር ተሰልፈው ነበር። ውኃ መጥቷል።

ተነሥ። ደረጃው ላይ ስትደርስ አትጥራት፤ ከጠራሃት ደህና ነኝ ትልሃለች። ቆመህ አድምጥ።