ሁለቱ ሰዓቶች በተስማሙ ጊዜ

አንድ ሰው ነበረ፤ እኅቴ፣ አንቺ ዛሬ «መርፌዬን ከዓመት እስከ ዓመት ሰዓቱን አሳልፌ አላውቅም፤ ታዲያ ባሕር ማዶ ለመሄድ ስነሣ ሐኪሜን ደግሞ ምን ልጠይቀው?» ብለሽ እንደ ጠየቅሽኝ፣ እሱም ራሱን ጠይቆ ለራሱ «ምንም» ብሎ የመለሰ።

ይህ ሰው የስኳር ሕመምተኛ ነበር። ሐኪሙ «ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ኢንሱሊንህን ተወጋ፤ ወዲያውም ብላ» ብሎት ነበር። በቤቱ ማዕድ ሳይዛነፍ ይቀርብ ስለ ነበር፣ የትእዛዙ ሁለተኛ ክፍል ሳያስበው ይፈጸም ነበር፤ ሳያስቡት የሚፈጸም ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ ይረሳል። በልቡ የቀረው ሰዓቱ ብቻ ሆነ። ጎረቤቶቹ እንኳ የእጁን ሰዓት አይተው የየራሳቸውን ያስተካክሉ ነበር፤ በዚህም ይኮራ ነበር።

አንዲት ልጁ በሩቅ ምሥራቅ አገር ልትዳር ሆነ። እናቷ በሕይወት የለችምና መራቂዋ እሱ ብቻ ነበር። በአውሮፕላን ውስጥ ምርቃቱን በልቡ እያጠና ሄደ። መርፌውንም በሰዓቱ ተወጋ፤ ምግብ አብሮ ስለ ቀረበለት ምንም አልሆነም።

በሰርጉ ዋዜማ ልጁ ተቀብላ ወደ ሙሽራው ወላጆች ቤት ወሰደችው።

«አባዬ፣ ሰዓትህን አስተካክል እንጂ!» አለችው።

«ምኑን ላስተካክለው? ያውልሽ የግድግዳው፤ ከእኔው ጋር አንድ ነው። የራቃችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ፣ ሰዓቱስ እዚያው አገሩ ነው።»

ልጁ ሳቀች። «አንተ እኮ ፀሐይንም ዘገየሽ ብለህ የምትቆጣ ሰው ነህ! መርፌህስ?»

«መርፌዬን ለእኔ ተዪው።»

እውነትም ሁለቱ ሰዓቶች አንድ ቁጥር ያሳዩ ነበር። በዚያ አገር ቀኑ ከእኛ ስድስት ሰዓት ይቀድማል፤ ሰዎቹም ሰዓታቸውን የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ሳይሆን ከእኩለ ሌሊት ነው። ሁለቱ ልዩነቶች ተገናኝተው ቁጥሩን አንድ አደረጉት፤ የእኛ ማታ አንድ ሰዓት ግን ለእነርሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

እራት በጊዜ ቀረበ፤ ቤተ ሰቡም በልቶ ተኛ። ሰውየው ግን አንድ ሰዓት እስኪሞላ ጠበቀ። ሲሞላ የግድግዳውንና የእጁን ሰዓት አስተያየ፤ ተስማሙለት፤ ተወጋም። ስለ ምግብ ትዝ ሳይለው አልቀረም። ነገር ግን እንግዳ ሆኖ በተኙ አማቾች ማድ ቤት ድስት ማንኳኳት ነውር መሰለው፤ ይሉኝታ ያዘው። «እራቴንስ በልቼ የለ?» ብሎ ራሱን አጽናንቶ ጋደም አለ።

ጠዋት ልጁ የሙሽራ ልብሷን ለብሳ ልታሳየው ገባች። ላብ አጥምቆት፣ ብትጠራው የማይሰማ ሆኖ አገኘችው። ስኳሩ እጅግ ወርዶ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ዓይኑን ሲገልጥ ልጁ በዚያው ነጭ ልብሷ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ሰርገኛው ተበትኗል።

«ሁለቱም… ተስማምተው ነበር» አላት።

«ቁጥሩ ነው የተስማማው፣ አባዬ። ያንተው ማታ ሲል የእነሱ ሌሊት ይል ነበር።»

ሊመርቃት እጁን አነሣ። ያጠናው ቃል ግን ከአንደበቱ ጠፋ። «ልጄ…» ብሎ ቆመ፤ ደግሞ ጀመረ፤ ደግሞ ቆመ። እሷም ላልተፈጸመው ምርቃት ጎንበስ ብላ «አሜን» አለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ዳነ፤ እንደ ቀድሞውም ተናገረ፤ ያ ቀን ግን አልተመለሰለትም።

እንግዲህ እኅቴ፣ አንቺም ያን ሰው ትመስያለሽ። ሰዓት መጠበቅሽን አልነቅፍም። ነገር ግን ሐኪምሽ ሰዓት የወሰነልሽ ከማዕድሽና ከእንቅልፍሽ ጋር አስማምቶ ነው፤ እነርሱ ከቦታቸው ሲነሡ ሰዓቱ ብቻውን ቆሞ ሊጠብቅሽ አይችልም። ስለዚህ «በዚያ አገር የምበላውና የምተኛው እንዲህ ነው፤ መርፌዬስ እንዴት ይሁን?» ብለሽ ጠይቂው። ያ ሰው ሳይጠይቅ የሄደው ሐኪሙ ርቆበት አልነበረም፤ የሚያውቅ መስሎት ነው።