ፍጹም እንደ እኛ ሁን

ከጋሞ ተራሮች የመጣ አንድ ሸማኔ በፊታውራሪ ድልነሳው አገር ሥራ ለመነ። በዚያ አገር ሸማ መልበስ ክብር፣ ሸማ መሥራት ግን ነውር ነበር።

ፊታውራሪው የሠራውን ኩታ ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «እጅህስ ደግ ነው። የግቢዬ ሸማኔ አደርግሃለሁ። ግን ቋንቋህንም፣ ወግህንም፣ የአገርህን ነገር ሁሉ ትተህ ፍጹም እንደ እኛ ሁን። አለዚያ በመጣህበት ተመለስ» አሉት።

ሸማኔው እጅ ነሥቶ ወጣ።

በፋሲካ ዋዜማ ፊታውራሪው ለበዓሉ ያዘዙት ኩታ ቢዘገይባቸው እየተቆጡ መጡ። ሸማኔው እግሩን አነባብሮ ጥላ ሥር ተቀምጧል። የተሰጠው ፈትል አልተነካም።

«ኩታዬ የታለ?»

«እኔንም ያናደደኝ እሱ ነው ጌታዬ» አለ ሸማኔው። «ፍጹም እንደ እናንተ ከሆንኩ ወዲህ እጄን አጣጥፌ ብጠብቅ ብጠብቅ፣ አንድም ሸማኔ ዝር አላለም።»