ቅንጨ አረምና ፈሪዋ ጊደር

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ትሉኛላችሁ፤ በረቱ ግን ባዶ ነው። እንዴት ባዶውን እንደቀረ ልንገራችሁ።

አንዲት ፈሪ ጊደር እግሯን እሾህ ወጋትና ቁስሏ አመረቀዘ። ጅብ የቁስል ሽታ ከሩቅ እንደሚያሸት ታውቃለችና ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር ትንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን እያነከሰች ከመንጋው ወደኋላ ስትቀር፣ ከመንገዱ ዳር የበቀለው ቅንጨ የሚሉት መጤ አረም ጠራት።

«እሜቴ ጊደር፣ ቁስልሽን ቅጠሌ ላይ አሻሺው፤ ይድንልሻል። ዋጋ አልጠይቅሽም። ብቻ ፍሬዬ ኮቴሽ ላይ ቢጣበቅ አታራግፊው። ደግሞ መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳልና ለማንም እንዳትተነፍሺ» አላት።

እውነትም ቁስሉ ጠገገ። ጊደሯም ፍሬውን በኮቴዋ እንደያዘች ሳሩ ወደለመለመበት መስክ ገባች።

ክረምት ሲገባ ሰርዶ፣ ያ የዋህ ሳር፣ «እታለም፣ አንድ ነገር ከሥሬ እያነቀኝ ነው፤ ማን እንዳመጣው አላየሽም?» ሲል ጠየቃት።

ጊደሯ ክው አለች። ከተናገረች ቁስሏ ተመልሶ የሚያመረቅዝ፣ ጅቡም የሚመጣባት መሰላት።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለችው።

በዓመቱ መስኩ በቅንጨ አበባ ነጭ በነጭ ሆነ። ላሞቹ በረሃብ አንድ በአንድ ወደቁ። ጊደሯ ብቻዋን፣ አጥንቷ ገጥጦ፣ አረሙ መሀል ቆመች። እግሯ ደኅና ነበር። ከጉብታው ጀርባ ጅብ ሲጮኽ ተሰማ።

ቅንጨም አበባውን ወደሷ ዘንበል አድርጎ፣ በለሆሳስ፣ «ዘንድሮስ ምንሽን አመመሽ፣ እሜቴ?» አላት።