ድንጋዩን ማን ያንሣው?

በአንድ ወቅት፣ ጠመንጃ የሌለው ቤት አባወራ የሌለው በሚመስልበት ከዓባይ ማዶ ባለ አገር፣ ደምለው ቸኮል የሚባል ገበሬ ነበረ። ነገሩን እንደ ሰማሁት እነግራችኋለሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው። ብቻ አደራችሁን፣ ሳልጨርስ አትፍረዱ። አውቃችሁ የለ? ገና የሰውየውን ስም ስትሰሙ ጥፋተኛውን ትለያላችሁ።

ደምለው የበኩር ልጅ ስለሆነ አባቱ አያ ቸኮል ገና በሕይወት ሳሉ ምንሽር ጠመንጃቸው ከእሱ ቤት፣ ከመኝታው በላይ ካለው ችካል ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። በዚያ አገር ወግ አባት ሲሞት የበኩር ልጅ የሟቹን ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ መሬት ደፍቶ በለቅሶው ሜዳ ላይ ይዞራል፤ አልቃሿም ጠመንጃውን እያየች ሟቹን ታወድሳለች። ያ ካልሆነ ሰውየው በወጉ አልተለቀሰለትም ይባላል። ደግሞ የሰው ጠመንጃ አይጠየቅም። ከዓመታት በፊት መሣሪያ ያለው ይመዝገብ ተብሎ የተመዘገበው ሁሉ ስለተገፈፈ፣ የተረፈው ሰው ያለውን አለኝ አይልም።

ደምለውና ሚስቱ ማንጠግቦሽ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ዘመናይ ትባላለች፣ ለወግ የደረሰች ልጅ። አንድ የክረምት ቀን ደምለው ጨው ገዝተሽ ነይ ብሎ ወደ ገበያ ላካት። ማንጠግቦሽ «ወደ ላይ አገር ጠቁሯል፣ ዛሬስ ይቅርባት» ብትለው፣ «አንቺ ደግሞ፣ ደመና ባየሽ ቁጥር!» አላት። ልጅቱ ስትመለስ ወንዙ ሞልቶ ደረሰባትና ወሰዳት።

ከዚያ ወዲያ ደምለው ሰው አልሆነም። እህል አይቀምስ፣ እንቅልፍ አይወስደው፣ በሬውን ጠምዶ እርፉን እንደጨበጠ ቆሞ ይቀራል። ማንጠግቦሽ የራሷ ሐዘን ሳያንሳት እሱን እያባበለች ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

እዚያ ያለችው ነርስ ሲስተር አስናቀች ናት። ለበሽተኛ የምትንሰፈሰፍ፣ ደግ ልጅ። ማንጠግቦሽን ውጭ አስቀምጣ በሩን ዘጋች። ስለ እንቅልፉ ጠየቀችው፣ ስለ ምግቡ ጠየቀችው፣ መለሰላት። «ሞት ያምርዎታል ወይ?» አለችው፤ ፊቱን ወደ ተዘጋው በር አዞረ። ቀጥላ «እቤት መሣሪያ አለ?» አለችው።

ደምለው ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ እንቅልፍ አጣሁ ብዬ መጣሁ፤ የጠመንጃን ነገር አንቺን ምን አገባሽ? ማነው ጠይቂ ብሎ የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም፣ ለእርስዎ ብዬ ነው። እንደ ንስሐ አባትዎ ይቁጠሩኝ። ከዚህ በር አይወጣም።»

ይቺን ቃል ባታወጣት ምን ነበረበት! በዚያ አገር ለንስሐ አባት የተነገረ ነገር ከካህኑ ጋር መቃብር ይወርዳል። ደምለው ቃሉን አመነና ተቀመጠ። «አለ» አላት። «ሰው በሌለበት አወርደውና ጉልበቴ ላይ አጋድሜው እቀመጣለሁ።» ልጁ ከሞተች ጀምሮ ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። እንባውም መጣለት።

እሺ፣ አሁን ሦስቱ ሰዎች ያደረጉትን ስሙ።

ሲስተር አስናቀች መድኃኒት ሰጥታ ሸኘችው። ከመስኮቷ ሆና ግቢውን ሲያቋርጥ አየችው። ቃሏን ብትጠብቅ ሰውየው ሊሞት ነው፤ ብታፈርስ ሁለተኛ አያምናትም። የመድኃኒቱን አወሳሰድ ላሳይሽ ብላ ማንጠግቦሽን መልሳ ጠራቻትና በጆሮዋ «ጠመንጃውን ዛሬውኑ ከቤት አውጪው። እኔ ነገርኩሽ እንዳትይው» አለቻት።

ማንጠግቦሽ አላመነታችም። ባሏ በሬዎቹን ሊያጠጣ ሲወርድ ጠመንጃውን ከችካሉ አወረደች፤ በማሽላ አገዳ ሸክም ውስጥ ሸሽጋ በጀርባዋ አዝላ ለታናሽ ወንድሙ ለይበልጣል አደረሰችው። በማግስቱ ደምለው «ጠመንጃው የት ገባ?» ሲል ጠየቃት። «አላየሁም» አለች። ዓይኗን ትኩር ብሎ ሲያያት ጊዜ ጨነቃትና «የዘመናይ አጥንት ይፋረደኝ፣ አላየሁም!» አለች። በልጇ አጥንት በሐሰት ማለች። እሱም አመናት፤ በዘመናይ ትዋሻለች ብሎ ማን ያስባል?

ይበልጣል ደግሞ ጠመንጃውን ጎተራው ውስጥ ቀበረው። ግን ምን ያደርጋል፣ ታላቁ ለምኖት እምቢ ብሎ አያውቅም። አንድ ቀን መጥቶ አምጣ ቢለኝ አውጥቼ እሰጠዋለሁ ብሎ ራሱን ፈራ። ስለዚህ ተሸክሞ ሄዶ ለቀበሌ አስረከበ። የተቀበለው ሰው «ምን ተሠርቶበት ነው የምትጥለው?» ብሎ አፋጠጠው። ዝም ቢል ሰው የገደለበት ሊመስል ሆነ። «ወንድሜ በራሱ ላይ እንዳይተኩስ ብዬ ነው» አለ። እንግዲህ ቀበሌ የተነገረ ነገር ገበያ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል?

አገር ሁሉ ሰማ፤ ደምለውም ጠመንጃው በማን በማን እጅ እንዳለፈ ገባው። ማንም ክፉ አልተናገረውም፤ ነገሩ ደግነቱ ላይ ነበር። ሰርግ ቤት ሥጋ ሲቀርብ ለሌላው ወንድ ሁሉ ቢላ ሲታደል ለእሱ አይሰጡትም። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ቆራርጦ ያቀርብለታል፣ «ብላ እንጂ አያ ደምለው» እያለ። እሱም ያንን ሥጋ እያየ ይቀመጣል።

ታዲያ በዚያው ዓመት አያ ቸኮል አረፉ።

ለቅሶው ሜዳ ሞላ። በቅሏቸው ተጭና ወጣች፣ ካባቸው ወጣ። ደምለው ባዶ እጁን ወደ መካከል ገባ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው፤ ወደ ኋላ ያጣምራቸዋል፣ መልሶ ይለቃቸዋል። አልቃሿ የሟቹን ጀግንነት እያነሣች መጥታ መጥታ ጠመንጃው ላይ ስትደርስ፣ ቀና ብላ አየችውና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።  ደምለው ዞሮ ከሜዳው ወጣ። አባቱ ሳይቀበሩ ቤቱ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቱን አያናግር፣ ወንድሙን አያይ፣ በጤና ጣቢያው በኩል አያልፍ።

ሦስቱም ጸጸቱ አላስቀምጥ አላቸው። በየፊናቸው ሽማግሌውን መሪጌታ ልሳኑን አስታርቁን ብለው ለመኑ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስም ከደምለው በር ላይ ተገናኙ። በአገሩ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ይቅር እስኪባል ይቆማል። የተዘጋጀው ድንጋይ አንድ ነው፣ ምክንያቱም በዳዩ አንድ ሰው ነው፣ ማን እንደሆነም መጀመሪያ ይለያል ተብሎ ነበር። እዚያ በር ላይ ግን ሦስቱ ለድንጋዩ ተሻሙ።

ሲስተር አስናቀች «የኔ ነው» አለች። «በንስሐ አባት ስም አሳምኜ ካድኩት። ከዚያ ወዲህ የመጣ ወንድ ሁሉ ‹ጠመንጃ የለኝም› ይለኛል። ከመካከላቸው ማን እየዋሸኝ እንደሆነ በምን ልወቅ?»

ማንጠግቦሽ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አልነሣም አለች። «አንቺማ ለእንግዳ ሰው ነው የዋሸሽው። እኔ በልጄ አጥንት ነው የማልኩት።»

ይበልጣል «ኧረ በማርያም ልቀቁልኝ!» አለ። «እናንተ ብትናገሩ ለአንድ አንድ ሰው ነው። የአባታችንን ለቅሶ ያበላሸሁ፣ የወንድሜን ገመና ለአገር የበተንኩ እኔ ነኝ።»

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና ደምለው ወጣ። ሁሉንም አያቸው። 

«ጠመንጃው በጠፋ ማግስት ጠዋት» አለ፣ «ማንጠግቦሽ ውኃ ወርዳ ነበር። ቆርጬ ተነሣሁ። እጄን ወደ ችካሉ ስሰድ ባዶ ነው። ያን ጠዋት ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምትለምኑት ሰው አይኖርም ነበር።»

ማንጠግቦሽ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ያን ጠዋት ነበር ጠመንጃው የት ገባ ብሎ የጠየቃት።

«እሺ፣ አዳናችሁኝ» አለ ደምለው። «ግን ያ ሐሳብ አልሄደም። ትናንትም መጥቶ ነበር። ያኔ ለአንድ ሰው ነግሬ ነበር፤ አሁን ሲመጣ ለማን ልንገር? እስቲ ንገሩኝ፣ ለማን?»

ማንጠግቦሽ ከድንጋዩ ላይ ተነሣች። እሱም ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ያዘ። «ልጅቱን በዚያ ደመና የላክሁ እኔ ነኝ። አምጡት፣ የኔ ነው።» መሪጌታ ልሳኑ እጁን ያዙት። «ተው ልጄ፣ ተበዳይ ድንጋይ አይሸከምም» አሉት። «ማነው ተበዳይ ያለኝ?» አላቸው። እሳቸው ግን እጁን አልለቀቁትም።

ሳይስማሙ ተለያዩ። ያን ዕለት ደምለው ማንጠግቦሽን «ውኃ አለ?» እንዳላትና እንደሰጠችው ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስለተባባሉት የማውቀው የለም። ድንጋዩ ግን ዛሬም በሩ ላይ ነው። ደምለው በሬዎቹን ሲያወጣ ዞሮት ያልፋል፣ ማንጠግቦሽም እንስራዋን አዝላ ዞራው ትገባለች።

በሉ እንግዲህ፣ አሁን ፍረዱ። ነርሷ ናት የምትሉ፣ ያን ጠዋት ችካሉ ባዶ ባይሆን ምን ይሆን እንደነበር አትርሱ። ሚስቲቱ ናት የምትሉ፣ እውነቱን ብትነግረው ጠመንጃውን ፍለጋ የት ይሄድ እንደነበር አስቡ። ወንድምየው ነው የምትሉ፣ ደምለው እሱ ደጃፍ ደርሶ «አምጣ» ቢለው ኖሮ ምን ይሆን ነበር በሉ። ራሱ ደምለው ነው የምትሉ ካላችሁ ደግሞ፣ ደፍራችሁ ፊቱን እያያችሁ በሉት። ሰውየው ዛሬም የሚነግረው ሰው የለውም፤ ድንጋዩ ሳይነሣ ደግሞ ይቅርታ የለም። ታዲያ ማን ያንሣው?